ሰሊጥ ዘይት የጠጣው ፔዳል

በመተማዋ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከመስከረም ፀሐይ የተነሳ ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል የምትጥልበት ቀን ነበር። አያ ውባንተ ግን ከፀሐይዋ ይልቅ ሐሳብ እያቃጠላቸው፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው ትልቅ የኩመር ዛፍ ጥላ ሥር ቤዝ ጊታራቸውን እንደ ታመመ ልጅ አቅፈው ተቀምጠዋል።

እኒህ ሰው የቀበሌው ኪነት ቡድን ቤዝ መቺ ናቸው። ዋዛ ሰው እንዳይመስሏችሁ! ወፍራሙን ክር አንዴ ሲነኩት ሱዳን ማዶ ያለ ግመል ይንበረከካል፤ አብደራፊ የቆመ ትራክተር ያለ ነጂ ይነሳል። እንዲህ ያገነናቸው በእግር የሚረገጥ፣ ድምፅ የሚያጎረንን ትንሽ የብረት ሣጥን ነው፤ ፔዳል ይሉታል። ነጋዴው ሷሊህ ከገዳሪፍ ያመጣላቸው ይኸው ፔዳል ከትናንት ጀምሮ እየተንኮሻኮሸ ድምፅ ነሳቸው። የቡድኑ መሪ ዘሩም ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ «ለአጨዳ የሚወርዱትን ደገኞች ዛሬ ከሰዓት በዘፈን እንቀበላለን። ቤዙ ካልጮኸ የቀበሌው ጊታር ለጎረቤቶቻችን ለሽንፋ ቡድን ይሰጣል፤ እርስዎም ወደ ማሳዎ።»

በዚህ መካከል የጎንደር አውቶቡስ ቆመና አይናዲስ ወረደች። የጎረቤታቸው የፈንቴ ልጅ ናት፤ ጎንደር የሬዲዮ ጥገና ተምራ መመለሷ ነው።

«አያ ውባንተ፣ እንዴት ዋሉ? ምነው ከፋዎት?»

«ምን መዋል አለ ልጄ! የሽንፋዎች ዓይን በላኝ። ፔዳሌን አፉን ለጎሙት።»

«ምን አደረጉለት ታዲያ?»

አያ ውባንተ ከኪሳቸው ብልቃጥ አወጡ። «የሰሊጥ ዘይት ነዋ! በገመዱ መሰኪያ ቀዳዳ ጠብ አደርግለታለሁ። ትናንት አጠጣሁት፤ ዛሬ ጧትም ደገምሁለት።»

አይናዲስ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። በቆላው የሰሊጥ ዘይት የማይገባበት የለም፤ ለፀጉር፣ ለሚንጫጫ በር፣ ለግመል እከክ፣ ላኮረፈች ሚስት ሳይቀር መድኃኒት ነው። ፔዳል ግን ከእነዚህ ሁሉ አንዱም አይደለም።

«ይፍቀዱልኝና አዳራሹ ገብተን እንየው» አለች።

«እሽ፤ ግን ይኼ የዓይን ነገር ነው፤ ትምህርት አይፈታውም።»

አዳራሹ ውስጥ ጄኔሬተሩ ተነሳ። አይናዲስ ፔዳሉን ወደ ጎን አድርጋ ጊታሩን በአንዱ ገመድ በቀጥታ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘችው። «ይምቱት እስቲ።»

ድድም! የአዳራሹ ቆርቆሮ ሦስት ክንድ ተነስቶ ተመለሰ።

«ጊታሩም ማጉያውም ይኼ ገመድም ጤነኞች ናቸው» አለች። ሁለተኛውንም ገመድ እንዲሁ ፈተነችው፤ ጮኸ። «እንግዲህ አያ፣ ዓይን ቢሆን ኖሮ ፔዳሉን ብቻ መርጦ ይነካ ነበር?»

«ዓይን እኮ ውድ ዕቃ ይወዳል!» አሉ አያ ውባንተ፤ ድምፃቸው ግን ላላ ብሏል።

ባትሪውን አውጥታ ሰጠቻቸው። «ጫፎቹን ምላስዎ ላይ ነካ ያድርጓቸው።»

«እህ! እፉኝት ነከሰኝ!»

«እሰይ፣ ነከሰዎት! ባትሪው በሕይወት አለ ማለት ነው። ሲጨርሱ ገመዱን ነቅለው ያስቀምጡ፤ ተሰክቶ ካደረ ሳይጫወቱበት ያልቃል።» ቀጥላ በቀጭን እንጨት ጫፍ ጥጥ ጠቅልላ የመሰኪያውን ቀዳዳ ጠረገች። ጥጡ የመተማን አቧራ በዘይት ለውሶ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ወጣ። «ይኸው የሽንፋዎች ዓይን።»

አያ ውባንተ ጥጡን አገላብጠው አዩት። «እኔ ነኝ ያሳወርሁት?»

«መጀመሪያ ያወከው አቧራ ነው። ዘይቱ ደግሞ አቧራውን ያዘው፤ ብረት ከብረት እንዳይነካካ ከለከለ። አሁን የሚያስፈልገን ጠንካራ አረቄ ነው። ያጥብና ራሱ ይተናል።»

«አረቄ? ለሰው ጉሮሮ የተፈጠረውን?»

«ለጥጥ ጫፍ ብቻ፣ አያ። የቀረውን ጉሮሮዎ ያውቃል።»

አረቄው እንደመጣ አጠበችው፤ እስኪደርቅም ጠበቁ። ባትሪውን መልሳ ገመዶቹን ሰካችና «ይርገጡት» አለች። አያ ውባንተ ረገጡት። እንዴት ያለ ድምፅ! የሽንፋ ወንዝ ለአፍታ ወደ ኋላ ፈሰሰ ቢባል እኔ አልከራከርም።

«ተማም! ድንቅ ነው!» ብለው በሱዳኖቹ ቃል ጮኹ።

ከሰዓት በኋላ አደባባዩ በደገኞች ሞላ። አያ ውባንተ ቤዙን ሲያጎረንኑት ጎጃሜውም ወሎዬውም ትከሻውን ፈታ። ዘፈኑ መሃል ላይ ግን ቤዙ ድንገት ዝም! ዘሩ ፊቱን ቋጥሮ፣ ጊታሩን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ መጣ። አይናዲስ ከሕዝቡ መሃል እጇን አጣጥፋ ታያለች እንጂ አልተነቃነቀችም።

«ቆይ እንጅ አንተ!» አሉት አያ ውባንተ። «ነገር ከጫፉ ተይዞ አንድ በአንድ ይፈተሻል እንጅ በጥርጣሬ አይፈረድበትም።» ተንበረከኩ። ጊታሩ ላይ ያለውን ገመድ ነካኩ፤ ደህና ነው። የፔዳሉን ሁለቱንም ወገን ዳሰሱ፤ ጠብቋል። ገመዱን ተከትለው ማጉያው ዘንድ ሲደርሱ፣ አንዱ ጨፋሪ ረግጦት ጫፉ ተነቅሎ ወድቋል። መልሰው ሰኩት።

ድድም!

ትናንት ቢሆን የሽንፋን ልጆች ይረግሙ፣ ደህናውንም ዕቃ ያበላሹ ነበር። ዛሬ ግን ዕቃቸውም ዳነ፣ ከጎረቤት ጋር ከመጣላትም ተረፉ፣ እንጀራቸውም በእጃቸው ቀረ፤ መርምሮ የሚያውቅ ሰው ትርፉ ብዙ ነውና።

ዘሩ የዘረጋውን እጅ ምን ያድርገው? ሌላኛውን ጨመረና አጨበጨበ።