ከሐመሩ ሐ እስከ ንጉሡ ሠ

(ነሐሴ ፲፯ ጠዋት፣ የምዝገባ ዋዜማ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ያዥ ወይዘሮ አስካለ ከሱባኤ ተመልሰው አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ድረስ በሩ ላይ ቆመዋል።)

አስካለ፦ አይግቡ! እዚያው ሆነው ይስሙኝ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ከመምህሬ ጋር በአጥር ላይ ሲያወሩ ሰምቼ ነበር። ግማሹ ጠፍቶብኛል። «ሥራ በዝቶብዎታል፣ ምን ላምጣልዎ?» ሲሉት፣ «ባዶ እጅዎን ይምጡልኝ» ያላቸው ይመስለኛል።

ድረስ፦ እትዬ አስካለ፣ ጥሩ ጨዋታ ነው። ግን ፎቶ አንሺው ሜዳው ላይ ቆሟል። ኮሚቴው ለሠራተኞቹ ያመጣውን የምስጋና ኬክ ብቻ ያቀብሉኝ።

አስካለ፦ ኬክ የለም። ፋይል ሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴ ጠጉር ያበቀለ ነገር ግን አለ።

ድረስ፦ ኧረ የሰው ያለህ! ሁለት ሳምንት እኮ ነው!

አስካለ፦ የክረምት ሁለት ሳምንት! ክሬም፣ በተቆለፈ ብረት ሳጥን! ለመሆኑ ፍልሰታ በገባ በማግስቱ ለጿሚ መምህር የፍስክ ኬክ ይመጣል?

ድረስ፦ ዘንግቼ ነው እኮ። መምህራኑ ሲስቁብኝ ጊዜ «ለፍቺው ይደርሳል» ብዬ፣ ቁልፉን ከርእሰ መምህሩ ተቀብዬ አስቀመጥኩት። የሚቆለፍ ሳጥን ይሄ ብቻ ነበር።

አስካለ፦ እኔ ሱባኤ ገብቼ ለልጆቻችሁ ጭምር ስጸልይ፣ እርስዎ አይጥ ይቀልቡልኛል።

ድረስ፦ አይጥም አለ?

አስካለ፦ በጀርባው ቀዳዳ ገብታ ወልዳለች እንጂ! ስድስት፣ ጠጉር ያላበቀሉ፣ ቀያይ። በስም ፊደል የደረደርኩትን ፋይል ከሐመሩ ሐ እስከ ንጉሡ ሠ ቆራርጣ አንጥፋላቸዋለች። የተረፈውን ሽንቷ አጣብቆታል። ጠዋት ጓንት ሳላጠልቅ አንዱን ስገልጥ ጣቴ ላይ የተለጠፈውን ባልነግርዎ ይሻላል። ሦስቴ ታጥቤም ይሸተኛል።

ድረስ፦ በማርያም ይበቃኛል! ቁርሴን ሊያስወጡኝ ነው።

አስካለ፦ እርስዎስ በልተዋል። ነገ በሁለት ሰዓት ወላጅ መስኮቴ ላይ ይተራመሳል። ካርድ የጣለው፣ የልደት ወረቀት የረሳው፣ ሁሉም «ፋይሉ ላይ አለ» ይለኛል። ያለፈው ዓመት ውጤት ካልተገኘ ልጁን ስንተኛ ክፍል ልመዝግበው?

ድረስ፦ ጽዳቷን ልጥራት?

አስካለ፦ እሷም አራስ ናት። ርእሰ መምህሩ ወንበር ይሸከማል፤ መምህራኑ መጽሐፍ ይቆጥራሉ።

ድረስ፦ እንግዲያው ፎቶውን ቶሎ እንነሳና፣ ኮሚቴው በሳምንቱ ተሰብስቦ ይነጋገርበታል።

አስካለ፦ ያሰቀላችሁት ባነር ምን ይላል?

ድረስ፦ «በሥራ ለተጠመዳችሁ ሠራተኞቻችን፦ ከጎናችሁ ነን!»

አስካለ፦ ከጎኔ? ደጃፌን እንኳ አላለፉም!

ድረስ፦ አይግቡ ያሉኝ እርስዎ!

አስካለ፦ አሁን ይግቡ አልኩዎ። ይግቡና ይችን ይዩልኝ። ስሟ ይነበብዎታል?

ድረስ፦ ኡፍፍ... ሐ... ሐመልማል። ሐመልማል ድረስ።

አስካለ፦ ስድስተኛ ክፍል ያለፈችበት ወረቀት ግማሹ ተበልቷል። ከፎቶዋ የተረፉት ዓይኖቿ ናቸው። እኔ ልጥረግላት ወይስ አባቷ?

ድረስ፦ ...እግዚኦ! ይሄ ጥቋቁሩ ምንድን ነው?

አስካለ፦ ምን እንደሆነማ ያውቁታል። በጣት ጫፍ አያንጠልጥሏት፤ ልጅዎ ናት።

ድረስ፦ እትዬ አስካለ፣ ይሄ... ይሄ ሁሉ በኔ ኬክ?

አስካለ፦ ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ስሞታ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ተቆጥቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ቁልፉን ለርእሰ መምህሩ አስረክቤ ልሄድ ስነሳ ነው እርስዎ ኬክ ፍለጋ የመጡት።

ድረስ፦ ኧረ እንዳያደርጉት! ነገ ማን ይመዘግባል?

አስካለ፦ እሱን ለባነሩ ይንገሩት።

ድረስ፦ ...ጓንት አለዎት?

አስካለ፦ አንድ ጥንድ፤ እሱንም አጥልቄዋለሁ። ሱቁ ከበሩ ማዶ ነው። ኮሚቴው ስንት ነው?

ድረስ፦ ከኔ ጋር ሰባት።

አስካለ፦ ስምንት ጥንድ ያምጡ።

ድረስ፦ ስምንተኛው የማን ነው?

አስካለ፦ የፎቶ አንሺው።

ድረስ፦ እሺ። ለስድስቱም አሁኑኑ እደውላለሁ፤ ምንም አትግዙ፣ ባዶ እጃችሁን ኑ እላቸዋለሁ። ቁልፉን ብቻ ኪስዎ ይመልሱት... እኔ ከሐመሩ ሐ እጀምራለሁ።