የድንቡሼ ኪስ

(ሞጣ ከተማ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፤ አቶ ቢያድግልኝ ገበሩ የተተረተረ ኮቱን ገልብጦ በልብስ ሰፊዋ በትርንጎ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶታል።)

ቢያድግልኝ፦ ያዋረደኝ ስፌትሽ ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም።

ትርንጎ፦ ስፌቴ ሽጉጥ ይዘህ ልጅ ልትለምን ሂድ አላለህም።

ቢያድግልኝ፦ ኪስ ስፊልኝ አልኩሽ፤ ሰፋሽ። ኪስ የገባበትን መያዝ አለበት። ያንቺ ኪስ ግን በሰው ቤት፣ በሰው ምንጣፍ ላይ ሽጉጤን፣ ድንቡሼን፣ ዘረገፋት።

ትርንጎ፦ ለመሆኑ እንዴት አድርገህ ነው የጣልካት? ሰው ሁሉ የየራሱን ያወራል፤ ከአንተ ከራስህ ልስማው።

ቢያድግልኝ፦ ምን እንዴት አለው። ሽማግሌዎቹ ለልጄ ለአንተነህ የውባንተን ልጅ ማስተዋልን ሊጠይቁ ሄደው «እናስብበት» ተብለው ተመለሱ። በሁለተኛው እኔ የልጁ አባት ራሴ አብሬ ሄድኩ። ውባንተ ተቀመጡ አለን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ከዚያ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ገበሩ ተተረተረና ዱብ።

ትርንጎ፦ እነሱስ?

ቢያድግልኝ፦ የልጅቷ እናት ወደ ጓዳ ሮጠች። ውባንተ ግን አነሳት። በጋቢው ጫፍ ጠረጋት፣ ገለባበጣት፣ ከዚያ «ዕቃህ ወደቀብህ» ብሎ ሰጠኝ።

ትርንጎ፦ ወዲያው ሰጠህ?

ቢያድግልኝ፦ ወዲያውስ አይደለም። ቆየት ብሎ ነው፤ ንቀቱን ሊያሳየኝ። ከዚያ «ቅዳሜ ተመለሱ» አለን። ቅዳሜ ደግሞ ነገ ነው። ነገም መልስ ሳናገኝ ከወጣን በሩ ተዘጋ፤ ለአራተኛ ጊዜ የሚሄድልኝ ሽማግሌ ከየት አመጣለሁ? ልጄ እንደሆነ እህል ከቀመሰ ሦስት ቀኑ።

ትርንጎ፦ ልጅህ እህል ትቶ አንተ የምታስበው ስለ ኪስ ነው።

ቢያድግልኝ፦ በሸራ ስፊልኝ። ድርብ አድርጊና ዙሪያውን በሲባጎ ያዢው።

ትርንጎ፦ አልሰፋም።

ቢያድግልኝ፦ ለምን?

ትርንጎ፦ ለምን ብትለኝም አልሰፋም፣ ባትለኝም አልሰፋም። ነገ ሽጉጥህን ቤትህ ትተህ ትሄዳለህ።

ቢያድግልኝ፦ ባዶዬን ከሄድኩ አፍሮ ተዋት ይሉኛል።

ትርንጎ፦ ኪስህን ማን ይፈትሻል? ማን ያውቃል?

ቢያድግልኝ፦ እኔ አውቃለሁ። ያለ እሷ አንድ ጎኔ ይቀለኛል፤ ዘመም ብዬ ነው የምሄደው።

ትርንጎ፦ የምትዘምመውማ ስትይዛት ነው። የግራ ትከሻህ ከቀኙ አንድ ጣት ዝቅ ብሏል። ኮት ስቆርጥ ለአንተ ሳይሆን ለሽጉጥህ ነው የምቆርጠው። አምስቱንም ሳላያቸው አውቃቸዋለሁ።

ቢያድግልኝ፦ አምስት ናቸው ማን አለሽ?

ትርንጎ፦ ገበርህ። ያው ተመልከት። ይቺ ጭረት የባለ ነጭ እጀታዋ ናት፤ መምቻዋ ጨርቅ ትነክሳለች። ይቺኛዋ የዛገችዋ፤ ገበሩን ቀይ አፈር አስመስላዋለች። እነዚህ ሁለቱ መንትያ ናቸው መሰለኝ፣ ቀዳዳቸው አይለይም። ይቺ ደግሞ መሃሏ ሆድ ያላት፣ አፍንጫዋ የተቆረጠ የመሰለው፣ ድንቡሼ።

ቢያድግልኝ፦ አልተቆረጠም። ሲሠሯት ነው አጭር ያደረጓት። ስድስት ጥይት ጎርሳ እንኳን ከመዳፌ አትበልጥም።

ትርንጎ፦ አሁን ስድስት ጎርሳለች?

ቢያድግልኝ፦ አልጎረሰችም።

ትርንጎ፦ ስንት ጎርሳለች?

ቢያድግልኝ፦ ጥይቷ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ።

ትርንጎ፦ አንድም?

ቢያድግልኝ፦ አንድ ነበረኝ። አንተነህ የተወለደ ቀን ተኮስኩት።

ትርንጎ፦ አንተነህ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጋሼ።

ቢያድግልኝ፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።

ትርንጎ፦ ሃያ ስድስት ዓመት ብረት ተሸክመህ እኔን ገበር ታስጠግነኛለህ። ፈቃድህስ ቢሆን ለአንድ አይደል?

ቢያድግልኝ፦ የምታጠቀውም አንድ ነው። አፈራርቃለሁ እንጂ አልደርብም። ፈቃዱ የድንቡሼ ነው፤ እሷ የቤት ልጅ ናት፣ ሌሎቹ እንግዶች ናቸው።

ትርንጎ፦ ይኼን ለፖሊስ ስትነግረው ጥራኝ፣ መስማት እፈልጋለሁ። በል አሁን ተቀመጥ፤ አንድ ነገር ልንገርህ።

ቢያድግልኝ፦ ኪሱን ሳትሰፊልኝ አልቀመጥም።

ትርንጎ፦ እዚህም ሽምግልና መጣህ? ቁም እንግዲያ። ሰኞ ዕለት ውባንተ መጥቶ ነበር።

ቢያድግልኝ፦ የቱ ውባንተ?

ትርንጎ፦ የልጅቷ አባት ነዋ፣ ስንት ውባንተ አለ? አዲስ ኮት አዘዘ። በውስጥ በኩል ኪስ ጨምሪልኝ አለኝ። «ምን ልትይዝበት ነው?» ስለው «መነጽር» አለ።

ቢያድግልኝ፦ ውባንተ መነጽር የለውም።

ትርንጎ፦ የለውም። ስፋቱ ስንት ይሁን ስለው ጠመኔውን ከእጄ ወስዶ ራሱ ገበሩ ላይ ሣለው። ኮቱ ይኸው። እየው።

ቢያድግልኝ፦ እስቲ ወደ ብርሃኑ አምጪው።

ትርንጎ፦ መነጽር ይመስላል?

ቢያድግልኝ፦ ሆድ አለው።

ትርንጎ፦ አፍንጫውስ?

ቢያድግልኝ፦ እጀታዋ ላይ ያለችውን ጉብታ እንኳን አልረሳም። አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው የያዛት።

ትርንጎ፦ ያንተን ቀዳዳ ደርብበት።

ቢያድግልኝ፦ ልክክ አለ።

ትርንጎ፦ ብያለሁ።

ቢያድግልኝ፦ የራሱ ገዝቶ ይሆናላ።

ትርንጎ፦ ውባንተ? ቤቱ ደህና የዶሮ ማረጃ ቢላ የለውም። በፋሲካ ከጎረቤት ነው የሚዋሰው።

ቢያድግልኝ፦ ስለዚህ ሊቀማኝ ነው።

ትርንጎ፦ ሊቀማህ አይደለም፤ እስክትሰጠው እየጠበቀ ነው። ልጁን በሽጉጥ ለወጠ እንዳይባል በአፉ አይጠይቅህም። አንተ ግን ከጥሎሹ ጋር «ይቺ ለአባት» ብለህ ብታወጣት፣ ፈቃዱንም አብራችሁ ሄዳችሁ ብታዛውሩ፣ ማንም ምንም አይል።

ቢያድግልኝ፦ ሲያገላብጣት የቆየው ለዚህ ነው በይኛ።

ትርንጎ፦ አንተ ንቀት መሰለህ።

ቢያድግልኝ፦ ባለ ነጭ እጀታዋን ልስጠው። ከድንቡሼ ይልቅ እሷ ታምራለች።

ትርንጎ፦ ለባለ ነጭ እጀታዋ ኪስ አላዘዘም።

ቢያድግልኝ፦ መንትያዎቹን ልጨምርለት።

ትርንጎ፦ ጋሼ፣ ልጅህ ማስተዋልን አየ፣ ማስተዋልን ወደደ። እሷን ትተህ ሁለት እህቶቿን ላምጣልህ ብትለው ምን ይልሃል?

ቢያድግልኝ፦ ልጅ ሌላ፣ ሽጉጥ ሌላ።

ትርንጎ፦ እኔስ ምን አልኩህ?

ቢያድግልኝ፦ በሁለት በሬ እኮ ነው የለወጥኳት። የአንተነህ እናት አንድ ክረምት ሙሉ አላናገረችኝም። እሁድ እሁድ እሷን ዘይት ስቀባ ነው የምውለው። እሷን ሰጥቼ እሁድን ምን ልሥራበት?

ትርንጎ፦ ልጁ ሚስት ሲያገባ የልጅ ልጅ ይመጣል፤ እሱን ዘይት ትቀባለህ።

ቢያድግልኝ፦ አልሰጥም ብልስ?

ትርንጎ፦ ሸራ ኪስህን ሌላ ሰው ይሰፋልሃል፣ እኔ አልሰፋም። ነገ ትሄዳለህ፣ ድንቡሼም አትወድቅም። ውባንተ ደረትህን ደረትህን ሲያይ ይቆይና «ልጅቷ ገና ናት» ይልሃል። ከዚያ አንተና ድንቡሼ ቤታችሁ ገብታችሁ የአንተነህን ፊት ታያላችሁ።

ቢያድግልኝ፦ አንቺ ሴት ልብሽ ድንጋይ ነው።

ትርንጎ፦ ነው። በል ወስን፤ ሰውየው ኮቱን ሊወስድ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል።

ቢያድግልኝ፦ እስቲ ስጪኝ፣ ልልበሰው።

ትርንጎ፦ የሰው ኮት?

ቢያድግልኝ፦ በቁመትም በትከሻም እኩል ነን። ስጪኝ አልኩሽ።

ትርንጎ፦ ቀስ፣ እጅጌው ገና አልተዘመዘመም። ምን ልትከት ነው? ያቺን ነው?

ቢያድግልኝ፦ ድንቡሼን ነዋ። ይኸው፣ ገባች።

ትርንጎ፦ እንዴት ተቀመጠች?

ቢያድግልኝ፦ ኪሱን ዝቅ አድርገሽዋል። ለሰውየው ሁለት ጣት ከፍ አድርጊለት፤ እሷ የሚመቻት ልብ አጠገብ ስትውል ነው።