ነፋሱ በጋሼ ኃይለመስቀል አውድማ ላይ

ጋሼ ኃይለመስቀል መንሻቸውን ተሸክመው፣ የተወቃውን ገብሳቸውን በነፋስ ሊያዘሩ ወደ አውድማቸው ሲወጡ፣ አንዲት ሱሪ የለበሰች ልጅ ከአውድማው ዳር ቀይ የተቀባ ችካል ስትመታ ደረሱባት። ቀርበው ቢያዩ የጎረቤታቸው የምንይሉ ልጅ እስከዳር ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ በሸንተረሩ ላይ ከነፋስ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ቦታ ከሚያጠኑት ጋር መቀጠሯን ሰምተዋል።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የትናንቱ ሳይበቃሽ ዛሬም ትተክያለሽ?»

«የትናንቱማ ተነቅሏል። ማን እንደነቀለው አላዩም?»

«ነፋስ ይሆናላ!»

«ነፋሱ ነቅሎ ሙክትዎን አሰረበት እንዴ?»

ጋሼ ኃይለመስቀል ሳቃቸው አመለጣቸው። ሲዋሽ እንዲህ ቶሎ የሚያዝ ሽማግሌ መቼም ክፉ ሰው አይደለም።

እስከዳር ጫማዋን አውልቃ ወደ አውድማው ገባች። አውድማ በጫማ እንደማይረገጥ አለመርሳቷ ደስ አሰኛቸውና ለጠብ ያዘጋጁት ድምፅ ለዘብ አለ።

«ስሚ ልጄ፣ እኔ ልማት አልጠላሁም። ግን ያ ባለ ሦስት ክንፍ ነገራችሁ ነፋሱን ከዋጠው ገብሴን በምን አዘራለሁ? በአፌ እፍ እያልኩ ነው? ፍሬው ከገለባው ሳይለይ ዝናብ ቢደርስበት ዓመቱን ሙሉ ምን እንበላለን?»

ይህ ስጋት በእውነት እንቅልፍ ነስቷቸው ሰንብቷል። የሚያስቅ የሚመስለው አርሶ ለማያውቅ ሰው ነው።

«እውነቱን ልንገርዎት?» አለች እስከዳር። «ጨርሶ አይውጠውም። ከበስተኋላው ግን ያደክመዋል።»

«ይኸው! ራስሽ አመንሽ!»

«አመንኩ። አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፤ በመውቂያ ጊዜ ነፋሱ ከየት ይመጣል?»

ጋሼ ገረማቸው። ረጅም ብረት አቁመው ነፋስ ሲለኩ የከረሙ ሰዎች እሳቸውን ይጠይቃሉ! መንሻቸውን ሰደው ገብሱን ወደ ላይ በተኑት፤ ገለባው ወደ ምዕራብ ተነዳ፣ ፍሬው እግራቸው ሥር ወረደ።

«ከምሥራቅ ነዋ! ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ሌላ መንገድ አያውቅም።»

«መሣሪያችንም ይህንኑ ይላል። ጥፋቱ የኛ ነው፤ አውድማ መኖሩን ሳንጠይቅ ችካሉን በስተምሥራቅ መታነው። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ብናርቀው ግን ነፋሱ አስቀድሞ የእርስዎን ሥራ ጨርሶ ወደኛ ይመጣል።»

«መሬቴስ?»

«እግሩ የሚይዘው የዚህን አውድማ ያህል ነው፤ ያውም ድንጋያማውን። ለመንገዱም ጥቂት ይሄዳል፤ ካሣ አለው። የቀረውን እስከ ሥሩ ድረስ ያርሳሉ።»

«መብራቱስ? አዲስ አበባ ሄዶ ሊቀር ነው?»

«እሱን ሳይፈርሙ በፊት ያስጽፉ። ለቀበሌያችንም መስመር ይዘርጋ ይበሉ። ወፍጮ እዚሁ ከቆመ እትዬ ጥሩሸዋ እህል ተሸክመው ሞላሌ ከተማ ድረስ አይለፉም።»

የሚስታቸው ስም ሲነሣ ጋሼ መንሻቸውን አስቀመጡ። ባለፈው ሳምንት ጥሩሸዋ ከወፍጮ ሲመለሱ ወገባቸውን ይዘው መደብ ላይ እንደወደቁ፣ ራትም ሳይቀምሱ እንዳደሩ ትዝ አላቸው።

«ነይ እስኪ፣» አሉ፤ «አፋፉን ላሳይሽ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሰው እስከዳር ባለችበት ስለ ነፋሱ ኤሌክትሪክ ሊመክር ተሰበሰበ። በዕውቀቱ የተባሉ ጎረቤታቸው «ነፋሳችንን ሊወስዱብን ነው!» ብለው ሲጮኹ ጋሼ ኃይለመስቀል ተነሡ።

«አያ በዕውቀቱ፣ ነፋስህ ገብስህን ካዘራልህ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ቆብ ሲነጥቅ አይደል የሚውለው? ይሥራ እንጂ! የክትባት መድኃኒት ያቀዝቅዝ፣ ልጆቻችን በኩራዝ ጭስ ዓይናቸው አይጥፋ፣ ሴቶቻችንም ከሸክም ይረፉ። ይህ ሁሉ ይጻፍልን። አንድ ነገር ደግሞ ይጨመር፤ ችካል ከመመታቱ በፊት ባለአውድማው ይጠየቅ!»

ጸሐፊው ጻፈ። ጋሼ ሁለት ጊዜ አስነብበው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ዞር ቢሉ አያ በዕውቀቱ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ወደ እስከዳር ሲመጡ አዩ።

«ልጄ፣ የኔ አውድማ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ነፋሱ የሚመጣው ከሰሜን ነው። ይህን ማን ነግሮሻል?»

«ማንም አልነገረኝም፣» አለች እስከዳር፤ ልትጽፈውም ደብተሯን ገለጠች።