ምድጃውስ ደህና፣ እንጨቱስ?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት አዲስ የቆርቆሮ ምድጃ አቅፋ ከፊቴ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ወሬ ጀመሩ።

«ሕፃን መስሎኝ ተጠጋሁልሽ፤ ለካ ምድጃ ነው!»

«ከሕፃን በላይ ነው፣ አባቴ። ጭሱ ትንሽ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ።»

«የት ልታነጂበት?»

«ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የተከራየሁበት ግቢ። የአከራዬ ልጅ አስም አለባት። ‹ዳግመኛ ጭስ ካየሁ ቤቴን ልቀቂ› ብለውኛል።»

«መብራትስ?»

«በመጣ ቀን!»

«ከሸክላው ይሄን ለምን መረጥሽ?»

«አፉ ጠባብ ነው፤ እንጨት ብዙ አይጎርስም አሉኝ።»

«ደግ መርጠሻል። እንጨቱንስ ከማን ነው የምትገዢ?»

«ከቦሩ ሜዳ ከሚያመጡት።»

ሽማግሌው ምድጃውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«እኔም የቦሩ ሜዳ ሰው ነኝ። ወላሂ፣ ርጥብ እንጨት ካጎረስሽው ይሄም እንደ ጉልቻው ያጨሳል።»

«ደረቅ ነው እያላችሁ አይደል የምትሸጡልን?»

«እንላለን። ደረቁን ለቤታችን እናስቀርና ለከተማው ሸክም መሀሉን ርጥብ ባሕር ዛፍ፣ ላዩን ደረቅ እናደርገዋለን።»

«ያረቢ! እርስዎም?»

«እኔም። የልጅቱን ነገር ሳልሰማ ነበር። ነገ ቆጥ ላይ የከረመውን አመጣልሻለሁ፤ ቤትሽን ብቻ ንገሪኝ።»

«እነግርዎታለሁ፤ ግን ሸክሙን ፈትቼ መሀሉን ሳላይ አልቀበልም!»

«ፍቺው፣ ልጄ። ፈትተሽ እዪው።»

እኔ ደግሞ ለገበያ የያዝኩትን፣ ቀያዮቹን ከላይ የደረደርኩበትን የቲማቲም ቅርጫቴን ቀስ ብዬ በነጠላዬ ሸፈንኩት።