የነሰጠኝ ተራ

— ሄሎ?... ሄሎ... አቤት፣ ጋሽ ያርጋል! የትናየት ነኝ።... ደባርቅ ነዋ፣ ሌላ የት እሆናለሁ! አዳራሹ ውስጥ ነን።... ኧረ በደንብ ይሰማኛል። እርስዎስ ደህና ነዎት? ጎንደር ሞቆላችሁ ይሆናል፤ እኛ እዚህ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ነው።

— አይ፣ ልምምድ አልጀመርንም።... ማታ ትርዒት እንዳለማ አልረሳንም።

— እንዴ፣ እንዳላወቁ አይሁኑ እንጂ! ጠዋት ሰጠኝን በስልክ ያባረሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እሱንና ሁለቱን ጓደኞቹን። እነሱ ከሌሉ መብራቱን ማን ይሰቅላል? መድረኩን ማን ያዘጋጃል?

— ቆይ፣ ቆይ ጋሽ ያርጋል፣ ልጨርስ። ለእኛ ለተዋንያኑ አልጋ ተያዘልን። ሦስቱ ግን ጭነት መኪናው ላይ መጋረጃ ተጠቅልለው አደሩ። በደባርቅ ውርጭ! ጠዋት ሰጠኝ ጣቱ ደንዝዞ ብሎን ማጥበቅ አቃተው። «ለኛም አልጋ ይያዝልን» ቢልዎ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ ብለው ሸኟቸው።

— አውቃለሁ፣ የተዋንያን ማኅበራችን አባላት አይደሉም።... ልክ ነዎት፣ ውሉ አልጋ የሚፈቅደው ለአባላት ነው። ብርዱ ግን መታወቂያ አይጠይቅም እኮ!

— ምን አገባችሁ? እንዴት አያገባንም! ያ ከባድ መብራት እስከ ዛሬ አናቴ ላይ ያልወደቀው በማኅበሩ ማኅተም ነው? በሰጠኝ እጅ ነው እንጂ። ስለዚህ ተነጋገርን፤ ሦስቱ ካልተመለሱ አንድም ተዋናይ መድረክ አይወጣም። — ውቢት፣ በሩን ዝጊው እስቲ፣ ነፋሱ ድምፁን ወሰደው! — አቤት፣ አለሁ።

— የምን ሰዎች?... አሃ፣ በነሰጠኝ ምትክ የላኳቸው! መጥተዋል፣ መጥተዋል።... ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳቄ መጣ። በዚህ ሁሉ ከተማ ሰው ጠፍቶ በቅሎ ጫኞቹን ይልካሉ?

— ጉልበትማ አላቸው፣ ማን የላቸውም አለ! ግን የደባርቅ በቅሎ ጫኝ የሚሠራው በተራ ነው። ቱሪስት ሲመጣ ተራው የደረሰው ይጭናል፤ የሰው ተራ የነካ ከሰው አይቆጠርም። አለቃቸው አያ ገዱ ገና በሩ ላይ ቆመው፣ «ይሄ ሥራ የማን ተራ ነው?» አሉ። «የነሰጠኝ» አልናቸው። «ታመው ነው?» «ኧረ ተባረው ነው።» ሰውየው ደረጃው ላይ ቁጭ! ሌሎቹም ተከትለው ቁጭ። አሁን ከነሰጠኝ ጋር ቆሎ እየቆረጠሙ ነው።

— ከበየዳ ወረዳ ሌላ ጫኝ ቢያስመጡም ያው ነው፣ ጋሽ ያርጋል።

— ምን?... እኔን?... ሚናዬን ነጥቀው ለውቢት?

— አይ... አልተቆጣሁም። ግን እርስዎ ያውቃሉ፣ እዚህ ቡድን ከገባሁ ጀምሮ ገረድ ሆኛለሁ፣ ጎረቤት ሆኛለሁ፣ ሬሳም ሆኛለሁ። ዋናዋን ሴት ስጫወት ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። እወደዋለሁ፣ በጣም ነው የምወደው።... ቢሆንም ይውሰዱት። እምቢ ብያለሁ።

— እሺ፣ ላገናኝዎት። — ውቢት! ጋሽ ያርጋል ናቸው፣ ዋናዋን ሴት አንቺ ሁኚ እያሉሽ ነው። እንቺ ስልኩን... ኧረ አናግሪያቸው! — ጋሽ ያርጋል፣ ስልኩን አልነካም ብላ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።... ሚናው ለፀጋ ይሁን? — ፀጋ፣ አንቺስ? — ፊቷን አዞረች። እንግዲህ ምን ላድርግ? የማናግርዎት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔን ደግሞ አሁን አውርደውኛል።

— ሄሎ?... ጋሽ ያርጋል፣ አሉ? ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል፤ የተሸጠውን ትኬት እየቆጠሩ ነው?

— እህ... እህ... አልጋው ለሦስቱም? ከዛሬ ጀምሮ?... ሥራቸውም ይመለሳል? ቆይ፣ በሩን ከፍቼ ድምፁን ለሁሉም ልልቀቀው፤ ይድገሙልኝ።... ሰማችሁ? ሰጠኝ፣ ሰማህ? — ይሰማዎታል እልልታው? አያ ገዱም ጭምር እኮ ናቸው! ሰጠኝማ መሰላሉን አንስቷል።

— የእኔ ሚና ግን እንደተወሰደ ይቀራል?... ለሥርዓት?... ገባኝ። እሺ፣ ጋሽ ያርጋል። እነሱ ከተመለሱ...

— ሰጠኝ! ምን ነካህ? መሰላሉን ለምን አስቀመጥከው? — ቆይ አንዴ፣ ጋሽ ያርጋል። — ተው፣ አታብድ፣ አሁን ያገኘኸውን አልጋ ልታጣው ነው!... ምን አልክ?

— ሰሙት አይደል? እኔ አይደለሁም ያልኩት። «የትናየት ካልወጣች መብራት አልሰቅልም፤ ብርዱን ለምጄዋለሁ» ይላል።... አይ፣ እየሳቅሁ አይደለም። እያለቀስኩ ነው መሰለኝ።

— ... እኔው? እኔው ልሁን?... አልሰማሁም አይደለም፣ ደግመው እንዲሉት ፈልጌ ነው።

— እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ያርጋል። በሉ ልዝጋው፤ ሰጠኝ መሰላሉ ላይ ወጥቷል፣ ከታች እኔ ልያዝለት።