የኋላ ቸርኬና የጨው ውሃ

ባለትራክተሩ ወደ መጋዘኑ ሲገባ፣ የወንድሙ ልጅ በክሪክ የተነሳውን ትራክተር የኋላ ቸርኬ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። የገዛ ወንድ ልጁ ትራክተሩ ይሸጥ ብሎ ከነዘነዘው ወር አልሞላውምና፣ ገማች አድርጎ የላካት መሰለው።

«ዋጋውን በመዶሻ ነው የምትጠይቂው?» አላት።

ልጅቷ መዶሻውን አስቀምጣ እጅ ነሳች። የእርሻ መሣሪያ ጥገና የተማረች፣ ዘመድ ሲሰበሰብ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ ዝምተኛ ነች። ማንም እንዳልላካት፣ ነገ አዲስ የኋላ ጎማ እንደሚገጠም ስለሰማች ቸርኬውን አስቀድማ ለማየት እንደመጣች በዝግታ አስረዳችው። አጎቷ አፈረ፤ እፍረቱንም በቀልድ ሸፈነው።

«ትራክተሩ ታላቅሽ እኮ ነው፤ አክብሪው እንጂ አትደብድቢው።»

«ታላቄ መሆኑማ ከጥርሱ ያስታውቃል፣ አጎቴ» አለች፣ ተበልቶ የለሰለሰውን የኋላ ጎማ እያየች።

ሳቀ። በጎማው መቀየር ሁለቱም ይስማማሉ፤ የተለያዩት በቸርኬው ነው። እሱ እንደ ልማዱ ዝገቱን ፋቅ ፋቅ አድርጎ ቀለም ሊቀባው፣ ካላማዳሪውንም በጨው ውሃ ሊሞላው አስቧል። የጨው ውሃ ስለሚከብድ ጎማው በእርሻ መሃል እየተንሸራተተ ባለበት አይሽከረከርም። ሙያውን ያስተማረው ሰው እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ እሱም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ እንደማያውቅ ነገራት።

እስኪጨርስ ጠብቃ፣ ውሃው በካላማዳሪው አፍ በኩል እያንጠባጠበ ብረቱን ሳይበላው እንዳልቀረ ተናገረች።

«ዝገቱ የዝናብ ነው።»

«ዝናብ ቢሆን ከውጭ በጀመረ ነበር፤ ስመታው ግን ድምፁ ከውስጥ መበላቱን ይናገራል። እስቲ እዚህ ጋ ጣትዎን ያሳርፉና ይቅመሱት።»

በአየር መሙያው ቀዳዳ ዙሪያ ነጭ ነገር ጋግሯል። እየከበደው ቀመሰው። ጨው ነው። ካቻቪቴ አንስቶ ከጎኑ ገፋ ቢያደርገው፣ ብረቱን በስቶ ጫፉ ሰመጠ። ዝገት የበላውን ቦታ ደፍኖ የኖረው አምና በገዛ እጁ የቀባው ቀለም ነበር።

«ልጄ በዚህ ቸርኬ ነው ወደ መስኖው ቦይ የሚወስደውን ቁልቁለት የሚወርደው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሸጥ ሲለኝ ፈርቶ ነበር ለካ።»

ልጅቷ «ብዬዎት ነበር» አላለችም። መፍትሔውን ነገረችው። ጎማው ከወለቀ በኋላ በያጁ የተበላውን ቆርጦ በእኩል ውፍረት ላሜራ ይተካዋል፤ የቀረው ብረት እስኪነጣ በሽቦ ብሩሽ ይፈተጋል፤ መጀመሪያ ፀረ ዝገት፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል። ለክብደቱ ደግሞ ቸርኬው ላይ በቡሎን የሚታሰር ከባድ ብረት አለ። እንዲህ ከሆነ ቸርኬው ዓመታት ያገለግላል፤ አዲሱ ጎማም በሻካራ ዝገት ተበልቶ ያለጊዜው አይቀደድም፤ ጎማ በተነፈሰ ቁጥርም ውሃ ሲቀዱና ሲያፈሱ መዋል ይቀራል።

«ያስተማረኝ ሰውዬ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?»

«እሳቸው ጎማው ክብደት እንደሚያስፈልገው አስተምረውዎታል። እሱ ትክክል ነው። የሚቀየረው ጨዉ ብቻ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ባለትራክተሩ ሁለቱንም የኋላ ቸርኬዎች አስወልቆ፣ ከወንድ ልጁ ጋር እያንከባለሉ ወደ በያጁ ወሰዷቸው። ሲመለስም ለካላማዳሪው ያዘጋጀውን አንድ ከረጢት ጨው ላም ለሚያረባው ጎረቤቱ ሰጠው።