የቀሃ ዳር ፈተና

(ጎንደር፣ ቀሃ ወንዝ ዳር፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት። አስጎብኚ ለመሆን የሚፈተነው ማንደፍሮና ፈታኙ ጋሽ ውበቱ በእግር እየሄዱ ነው።)

ጋሽ ውበቱ፦ አልፈርምም አልኩህ። እዚህ ግማት ውስጥ እንግዳ ይዤ እገባለሁ ለሚል ሰው ባጅ አይሰጥም።

ማንደፍሮ፦ ጋሼ፣ ገና ግማሹን ነው ያየነው። ፈተና በግማሽ ይቆማል እንዴ?

ጋሽ ውበቱ፦ ጫማዬን እየው። ምንድን ነው የረገጥኩት?

ማንደፍሮ፦ ባይጠይቁኝ ይሻላል። ሣሩ ላይ ይጥረጉት። አይ፣ እሱ ሣር ሌላ ጉድ አለበት። ወደዚህኛው።

ጋሽ ውበቱ፦ ኤጭ! የነገሥታቱን ግቢ እንደ ሰው ብታስጎበኝ ምን ነበረበት?

ማንደፍሮ፦ ግቢውማ የእናንተ የነባሮቹ ነው። በሩ ላይ ብቆም ያንተ ዓይነቱን እዚህ እንዳናይ ብላችሁ አባረራችሁኝ። አዲስ ተፈታኝ የራሱን መንገድ ይዞ ይምጣ ያላችሁትም እናንተው ናችሁ። እኔ ከቀሃ ሌላ ምን አውቃለሁ? ከስድስተኛ ክፍል ስፎርፍ የዋልኩት እዚሁ ነው።

ጋሽ ውበቱ፦ እና ምኑን ልታሳያቸው ነው? ዳይፐሩን? አተላውን? ያንን የተነፋ ውሻ?

ማንደፍሮ፦ ውሻው እንኳን ሰኞ ነው የመጣው፣ ዝናብ ሲዘንብ ይሄዳል። ትናንት ሁለት ፈረንጆች ለልምምድ ይዤ መጥቼ በጣም ነው የወደዱት።

ጋሽ ውበቱ፦ ያለ ባጅ? ምን አልካቸው?

ማንደፍሮ፦ እዚህ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ንግሥት እግሯን ትታጠብ ነበር አልኳቸው። ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት።

ጋሽ ውበቱ፦ የትኛዋ ንግሥት?

ማንደፍሮ፦ እሱን አልጠየቁኝም።

ጋሽ ውበቱ፦ አታፍርም? ሠላሳ ዓመት ስሠራ አንዲት ውሸት ከአፌ አልወጣችም። አስጎብኚ ማለት ያየውን የሚናገር ነው።

ማንደፍሮ፦ እሺ፣ ከአሁን ወዲያ እውነት ብቻ።

ጋሽ ውበቱ፦ ቆይ፣ ይሄ ቱቦ ደግሞ ምንድን ነው? ኡፍ፣ አፍንጫዬ።

ማንደፍሮ፦ የሽንት ቤት ነው። እንለፈው ጋሼ፣ ድልድዩ ጋ ጥላ አለ።

ጋሽ ውበቱ፦ አናልፍም። እታች ሴቶቹ ልብስ እያጠቡ ይሄ ባለጌ ከላይ ይለቅባቸዋል? ማነው?

ማንደፍሮ፦ ምን ያደርግልዎታል?

ጋሽ ውበቱ፦ ስሙን ይዤ ቀበሌ እሄዳለሁ። የሰፈሩ ልጅ ሆነህ አላውቅም እንዳትለኝ።

ማንደፍሮ፦ አውቃለሁ። ግን ላለመናገር ቃል ገብቻለሁ።

ጋሽ ውበቱ፦ እንግዲያው ፈተናህ ይሄ ነው። እውነቱን ከተናገርክ አሁኑኑ እፈርምልሃለሁ። ከደበቅክ ግን ባጁን በሕልምህም አታየው።

ማንደፍሮ፦ ይማሉ?

ጋሽ ውበቱ፦ ሚካኤልን!

ማንደፍሮ፦ ቱቦውን በዓይንዎ ወደ ላይ ይከተሉት። ከባሕር ዛፎቹ አለፈ፣ ከዛ እዛ ቀይ የቆርቆሮ አጥር ስር ገባ። አዩት?

ጋሽ ውበቱ፦ የእኔ አጥር ነው እኮ።

ማንደፍሮ፦ በመስቀል ሰሞን እንግዳ ይዘው ላሊበላ የሄዱ ጊዜ ሚስትዎ እትዬ የሻረግ አስጠሩኝ። ጉድጓዱ ሞልቶ ጎረቤት እየተሳደበ ነው፣ ጋሽህ መጥቶ ሳያፍር አንድ ነገር አድርግ አሉኝ። እኔና ወንድሜ ሁለት ቀን ቆፈርን። እንዳትነግረው ብለው በእመቤቴ አስማሉኝ።

ጋሽ ውበቱ፦ የሻረግ ናት ይሄን ያረገችው?

ማንደፍሮ፦ ቆፋሪው እኔ ነኝ። ቀበሌ አብረን እንሂድ?

ጋሽ ውበቱ፦ ሌላ ሰው ያውቃል?

ማንደፍሮ፦ ከወንድሜ በቀር ማንም አያውቅም።

ጋሽ ውበቱ፦ ወረቀቱን አምጣ፣ ልፈርም። ነገ በጠዋት ዶማህን ይዘህ ና፤ ጫፉ ይታያል፣ በደንብ ቅበረው።